የመጀመሪያውን ስንኝ ማንም አይሰማውም

ፈሪ ነኝ። ይህን ከአሁኑ ተናግሬ ልገላገል። በመምህርነት ስመደብ ዕጣዬን ከፍታ ያነበበችልኝ ጸሐፊ «አርባ ምንጭ! እድለኛ ነህ፣ ሁለት ሐይቅ፣ ሙዝ እንደ ልብ» ስትለኝ እኔ የሰማሁት አዞና ወባ ብቻ ነበር። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን በጠመኔ እየሣልኩ ጥልቀታቸውንና ስፋታቸውን ለዘጠነኛ ክፍል አስረዳለሁ፤ ከተማው ሥር ወዳለው አባያ ግን ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አልወረድኩም። ተማሪዎቼ ስለሚያውቁ ካርታው ላይ ሐይቁን በጣቴ ስነካ «ቲቸር፣ እንዳይነክስዎ» ይሉኝ ነበር። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ የእኔ እናት ግን ሩቅ ነበረች።

ጊታር የያዝኩትም በዚሁ በፍርሃቴ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሌሎቹ መምህራን ወደ ሐይቁ ሲወርዱ እኔ ቤት የምቀርበት ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬ አሮጌ ጊታሩን አዋሰኝ። ከስድስቱ ክሮች አንዷ ተበጥሳ ከብስክሌት ፍሬን ገመድ በተመዘዘ ሽቦ ተተክታለች። ያቺ ሽቦ ጣቴን ስንት ጊዜ እንዳደማችው እኔ ነኝ የማውቀው።

ጓደኛዬ ሁሉን ነገር በቀመር የሚያይ ሰው ነበር፤ ዘፈንንም እንደዚያው። በካሬ ደብተር ላይ ጻፍ ብሎ አጻፈኝ። መግቢያ፣ ጊታር ብቻ፣ አራት ዙር። አንደኛ አንጓ። አዝማች፣ ሁለት ጊዜ። ጊታር። ሁለተኛ አንጓ። አዝማች። ጊታር። ሦስተኛ አንጓ፣ ከዚያ አዝማቹ እየቀነሰ እየቀነሰ ይጠፋል። «ከሦስት አንጓ ያነሰ ዘፈን ጎደሎ ነው፣ ከሦስት የበለጠ ስብሰባ ነው» አለኝ። አዝማቹን ሰው አንዴ ሰምቶ አብሮህ ካላለው አዝማች አይባልም አለ። ከሁሉ በላይ ግን የደጋገመልኝ የግጥሙን ነገር ነው።

«ሁለተኛውን ስንኝ አስቀድመህ ጻፍ። ልብህ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለስና ቤት የሚመታልህ ስንኝ ፈልግ። ስለ ዛፍ ይሁን፣ ስለ ወንዝ ይሁን፣ ግድ የለም። የመጀመሪያውን ስንኝ ማንም አይሰማውም።»

እውነቱን ነው። እኔም ስሰማ ያደግኩት ዘፈን ሁሉ እንዲያ ነበር። ዘፋኙ ስለ ሸማ ይጀምርና በፍቅር ይጨርሳል፣ የሸማውን ነገር ማንም አይጠይቀውም። አመንኩት።

የተከራየሁት ክፍል ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል ውስጥ ነበር፣ ከአከራዮቼ ጋር አንድ ግቢ። አከራዬ ከዶርዜ የወረደች ሴት ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ባሏ አባያ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይወጣና ሦስት ሰዓት ላይ ዓሣውን አስረክቦ ይመለሳል፣ ምክንያቱም ከሰዓት በኋላ አባያ ላይ የሚነሣው ነፋስ ለትንሽ ጀልባ አይራራም። እሷ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። በየሳምንቱ አንድ ቀን በሀለኮ፣ ሽፈራው በሚሉት ቅጠል፣ የተሠራ ኩርኩፋ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄት ድብልብል በሳህን ታመጣልኛለች፤ ካልጨረስኩ ትቆጣለች። ልጅ አልነበራቸውም። እኔን ሁለቱም እንደ ልጅም እንደ መሳቂያም ያዩኝ ነበር።

አዝማቼን መጀመሪያ የተቀበለችኝ እሷ ናት።

ነይልኝ በኩልፎ፣ በሙዙ ከለላ፣
ፀሐይ ሳትጠልቅብን፣ ሳይዘረጋ ጥላ።

እውነቱን ለመናገር ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሥር የምትጠብቀኝ ሴት አልነበረችም፤ ብትኖርም እባቡን ፈርቼ አልሄድም። ግን እኔ ጊታሩን እየመታሁ ይህን ስል እትዬ እንዝርቷን ሳታቆም ከሥር ሌላ ድምፅ ትጨምርበታለች፣ ከእኔ ዜማ ጋር የማይገጥም የሚመስል፣ ቆይቶ ግን የሚገጥም። በአገሯ ማንም ብቻውን አይዘፍንም። አንዱ ሲጀምር ሌላው ከሥር ይይዝለታል፣ ሦስተኛው ከላይ ይመጣል። ስትጨምርበት ፍርሃቴ ትንሽ ይለቀኝ ነበር።

ምን ያስፈራህ ነበር ለሚል፣ ጓደኛዬ ሳይጠይቀኝ በሰኔው የትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል ላይ «በጊታር የታጀበ ዘፈን» ብሎ ስሜን አስመዝግቦኝ ነበር። ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ሁለት አንጓ አለኝ። ሦስተኛው የለም። እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ቅዳሜ ሁለተኛው ስንኝ መጣልኝ፦ «ካንቺ በቀር ልቤ ማንን አፈቀረ»። ደስ አለኝ። የቀረው ቤት የሚመታለት ብቻ ነው። ቀረ፣ ሰፈረ፣ ተባረረ… ክፍሌ ውስጥ ስንጎራደድ ረፈደ፣ ከዚያም ቀን ሆነ። በመጨረሻ አገኘሁት። ጊታሩን ይዤ ወደ በረንዳ ወጣሁ። እትዬ እንደ ልማዷ ደጃፏ ላይ ናት። ያን ቀን እንዝርቷ ከወትሮው ፈጥኖ እንደሚሽከረከር አላየሁም። ስድስት ሰዓት አልፎ ባሏ እንዳልተመለሰም ልብ አላልኩም። እኔ የማስበው የራሴን ዘፈን ነበር።

አባያ ላይ ጀልባው ወጥቶ በዚያው ቀረ፣
ካንቺ በቀር ልቤ ማንን አፈቀረ።

እንዝርቱ ቆመ። ከሥር የሚመጣውን ድምፅ ጠበቅኩ፣ አልመጣም።

«ማን ነገረህ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ጀልባውን። መምህር፣ ማን ነገረህ?»

እኔ ሞኙ ግጥሙን የወደደችው መሰለኝ። ፈገግ አልኩና «ጥሩ ነው እንዴ እትዬ?» አልኳት።

ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም። እንዝርቱ ወደቀና ተንከባለለ፣ ፈትሉ አፈር ለአፈር ተጎተተ። ከዚያ እሪ አለች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ጊታሩ እቅፌ ውስጥ እያለ ክሮቹ በጩኸቷ ሲርገበገቡ ሆዴ ላይ ተሰማኝ። «እትዬ፣ የለም! ለቤት መምቻ ነው! ለቤት መምቻ ነው!» እያልኩ ወረድኩ። ማን ይሰማኛል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በደቂቃ ውስጥ ግቢው በጎረቤት ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዱ አንዱን ሲጠይቅ «መምህሩ ነው የሰማው» ይባላል፣ ወደ እኔ ዞረው «የት ነው የሰማኸው?» ይሉኛል። «አልሰማሁም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» ብል ደግሞ «ደንግጦ ነው፣ ውሃ ስጡት» ይባላል።

መጀመሪያ ያፈርኩት ስለ ውሸቴ ነበር። ቆይቶ ግን ገባኝ። ሰውየው በእርግጥ አልተመለሰም። ነፋሱ ተነሥቷል፣ የግቢው ማንጎ ቅርንጫፎቹ ይላጋሉ። ቢሞትስ እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ብዬ አሰብኩ። ጂኦግራፊ ያስተማርኩት፣ ነፋስ ከየት እንደሚነሣ የማውቀው ሰውዬ በአንዲት ስንኝ ሰው ገደልኩ ብዬ ከልቤ አመንኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ሐይቁ ሲወርድ አብሬ ወረድኩ። ስምንት ወር የሸሸሁትን መንገድ እየሮጥኩ ሄድኩት። የአባያ ውሃ ቀይ ነው፣ ጭቃ እንደተበጠበጠበት። ያን ቀን እየተነሣ ይወድቅ ነበር፤ ከዳር ሆኜ ስመለከተው እንደዚያ ያለ ውሃ ውስጥ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ ታወቀኝ። ጀልባ የለም። ሌሎቹ ዓሣ አጥማጆች ጠዋት ወደ ሰሜን ሲቀዝፍ አይተውታል፣ ከዚያ ወዲያ አላዩትም። ሴቶቹ ከኋላዬ ያለቅሳሉ። ከሸንበቆው ውስጥ ኮሽ የሚል ነገር በተሰማ ቁጥር እዘላለሁ፤ ግን ወደ ቤት ልመለስ ብል ደግሞ ከሴቶቹ መሃል ያለችውን የእትዬን ዓይን ፈራሁ።

አንድ የሰፈር ሽማግሌ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ መጥተው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ነገሩን ከሥሩ ጠየቁኝ። ሁሉንም አስረዳኋቸው፣ ሁለተኛው ስንኝ እውነቱ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው እንዲያው ቤት ለመምታት እንደሚገባ።

«እንግዲህ አንዱን እውነት ለመናገር አንዱን ትዋሻለህ?»

«ደንቡ ነው አባባ።»

«ሁለቱንም እውነት ብታደርገው ምን ይልሃል?»

«ይከብዳል» ብቻ አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ነው፤ ለቅሶው ደምቆ ሳለ ከኋላ፣ ከመንገዱ በኩል፣ አንድ ሰው መጥቶ ከሰዉ መሃል ቆመ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ተጠቅልሏል፣ እጁ ላይ ግማሽ የተበላ ሙዝ አለ። ዙሪያውን በድንጋጤ አየና አጠገቡ የነበረችውን ሴት በቀስታ «ማን ሞተ?» አላት።

እሱ ነበር። ነፋሱ ጠዋት ቀድሞ ተነሥቶበት ምዕራብ አባያ ወደሚባለው ከተማ ገፍቶታል፤ ጀልባውን እዚያ ዳር አስሮ ሙዝ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ መጥቷል። እትዬ ወደ እሱ ሄደች፣ ልታቅፈው መሰለኝ፣ አፈር ዘግና ደረቱ ላይ በተነችበት። ከዚያ እዚያው ቁጭ አለች። እኔም ቁጭ አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባልየው ነገሩን እኔው እንድነግረው ጠየቀኝ። እንደምንም ነገርኩት። መንገዱ መሃል ቆሞ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«እንግዲህ እኔን ገድለህ ቤት መታህ በለኛ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በማግስቱ እትዬ ኩርኩፋውን ስታመጣልኝ ለምን እንዳመነችኝ ጠየቅኳት። «መርዶ በቀጥታ የሚነገር የት ነው?» አለችኝ። «ዞረው ዞረው ነው የሚነግሩ። ትንሽ አሞት ነበር ይላሉ፣ ሐኪም ቤት ገብቷል ይላሉ። አንተ ደግሞ ፈሪ ነህ። ሰዎቹ ንገራት ብለው ልከውህ፣ ፈርተህ፣ በጊታር የነገርከኝ መሰለኝ።» ይህን ስትል አልተቆጣችም። እኔን ግን አመመኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር ባደርግ የሚገርም አይሆንም ነበር።

አባባ ግን ነገሩን በሳቅ አላለፉትም። በቁሙ ያለ ሰው ተለቅሶበታል፣ ይህ በአገሩ ልማድ ጎሜ፣ የተከለከለውን መጣስ ነው አሉ፤ ያጠፋው ሰው ጥፋቱን በአፉ ካልተናገረ መዘዙ አይለቅም። እሑድ ከሰዓት ጎረቤቱ ተሰበሰበ። እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ቆሙ፣ እኔ መሃል ሆኜ «ዋሽቻለሁ፣ በአፌ ሰው ጎድቻለሁ» አልኩ። መረቁኝ። ያችንም ስንኝ ከደብተሬ ቀድጄ እንድጥላት ነገሩኝ፣ እሺ አልኩ።

አልቀደድኳትም። ክፍሌ ገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ፣ አነበብኳት፣ ቤቷ ጥሩ መትቷል። በሕይወቴ የጻፍኳት ምርጥ ስንኝ እሷ ነበረች። ማን ያያል ብዬ ደብተሩን ዘግቼ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት።

በሰኔ ሁለት አንጓ ብቻ ይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ። ጓደኛዬ ጎደሎ ነው ብሎ ተኮሳተረ። እጄ በላብ ከመራሱ የተነሣ ክሩ ያንሸራትተኝ ነበር፣ መግቢያውን አራት ዙር ልል ስድስት አልኩት፣ መጀመር ፈርቼ። አዝማቹ ላይ ስደርስ ከኋላ ከወላጆቹ ወንበር በኩል ያ የማውቀው ድምፅ ከሥር ያዘልኝ፤ ባሏም ከላይ ገባ። ከዚያ ሕዝቡ ተቀብሎ አዝማቹን አልለቅም አለ፤ ሁለተኛው አንጓ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደተባለ አላውቅም። ከዚያ ቀን በፊትም በኋላም እንደዚያ ሳልፈራ የቆምኩበት ጊዜ የለም።

ከዚያ በኋላ «ለቤት መምቻ» የግቢያችን ቋንቋ ሆነ። ደመወዝ ዘገየ ስላት እትዬ «ለቤት መምቻ ነው» ትላለች። ባሏ ዛሬ ዓሣ የለም ሲል «ለቤት መምቻ ነው፣ ሁለተኛውን ንገረኝ» ትለዋለች፣ እሱም ከጀርባው የደበቀውን ዓሣ ያወጣል። ክፉ ወሬ በሰማች ቁጥር እንዲሁ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ደግ ነገር እንዳለ ታምናለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ዝናቡ በረታ። አንድ ቀን ሰማዩ ገና ሲገላለጥ በመንገዱ በኩል ያለው መስኮቴ ተንኳኳ፤ ወደ መንገዱ ወጣሁ። አባባ ናቸው፣ ከኋላቸው ሁለት ዓሣ አጥማጆች። የአንደኛው ልብስ ርሶ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል። ባሏ ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ ጎርፉ እንዳይወስድበት ብሎ መረቡን ሊያነሣ ወጥቶ እንዳልተመለሰ አውቃለሁ፤ ምዕራብ አባያ አድሮ ይሆናል ብለን ነበር፣ እሷም እንዲያ ብላ ነበር። ጀልባው ተገልብጦ ተገኝቷል። እሱንም ሸንበቆው ውስጥ አግኝተውታል።

«አንተ ንገራት» አሉኝ አባባ። «በአንድ ግቢ ነህ። ትወድሃለች።»

«አባባ፣ እኔ አልችልም። እኔን አይላኩኝ።» እንደ ሕፃን ነበር የለመንኳቸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚለው መጣብኝ፣ ሻንጣዬም ታየኝ፣ ሻንጣው ውስጥ ያለው ደብተር፣ ደብተሩ ውስጥ ያለችው ስንኝ። ስንኟን እንዳልቀደድኳት ለአባባ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ ፈራሁና ዘጋሁት። ትከሻዬን ይዘው ወደ ግቢው መለሱኝ።

እትዬ ተነሥታለች። ደጃፏ ላይ እንዝርቷን ይዛ ተቀምጣለች፣ እየፈተለች አልነበረም። ከፊቷ ስቆም ቀና ብላ አየችኝ። ዞሬ ዞሬ ልጀምር ነበር፤ ትንሽ ነፋስ ነበር ልል፣ መኪና ዘግይቶ ይሆናል ልል። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«እትዬ… ጀልባው አባያ ላይ…»

ፈገግ አለች። እጇን አንሥታ አስቆመችኝ።

«ለቤት መምቻ ነው፣ አይደል መምህር?»

ከኋላዬ አባባና ሁለቱ ሰዎች ወደ ግቢው ገቡ። አባባ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዓይኗ ከእኔ ወደ እሳቸው ሄደ፣ ከእሳቸው ልብሱ ወደ ራሰው ሰው፣ ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰ። ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ነው፣ ልታወርደው ፈርታለች። እጄን ያዘችኝ።

«ሁለተኛውን በለኝ» አለችኝ። «መምህር፣ ሁለተኛውን በለኝ።»

እጇን አልለቀቅኩም።